መስዑድ ሰባት ኪሎ ቆዳውን ያስቆረጠ ጊዜ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ መስዑድን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ከተማዋን ዓይኑን ጨፍኖ ያለፈ ሰው ብቻ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ መቶ ስልሳ ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ያውም ቁርስ ሳይበላ። ገበያው ዳር በነበረው ምግብ ቤቱ ውስጥ ለእሱ ብቻ ባለ ስድስት እግር ወንበር ተሠርቶለታል። ልብስ ሰፊው ሞገስ ወገቡን ሲለካ የሜትሩን ጫፍ ለደንበኛ አስይዞ ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ደንበኛው ሻይ አዝዞ ይጨርስ ነበር። ወደ ገለምሶ ሲሄድ ሾፌሩ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዳር ከተቀመጠ መኪናው ዳገቱን የሚወጣው በሁለት ጎማ ነው።

ያሳሰረው ይኸው ሆድ ነው። በ1970 እህል የደበቁ ነጋዴዎች ሲታደኑ የመስዑድ መጋዘን ተፈተሸ፤ ከአይጥ በቀር የተገኘ ነገር የለም። ካድሬው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ጣቱን ወደ መስዑድ ሆድ ቀሰረና፣ “የተደበቀው እህል ይኸውላችሁ!” አለ። ተጨበጨበ። ማስረጃው በራሱ እግር እስር ቤት ገባ።

ለሃያ ሰው የተሠራ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሰው ታጉሯል። የሚተኛው በጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሰማንያውም አብሮ ይገላበጣል። እዚያ ውስጥ የመስዑድ ሆድ የጋራ ንብረት ሆነ፤ በተራ ትራስ ያደርጉት ጀመር። ከወራት በኋላ ግን ሁሉም ተራውን ለአንድ ሰው ለቀቀለት። በክሪ ይባላል፤ ከገለምሶ የመጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ወባ እየጣለ ያነሳዋል።

“ጋሼ መስዑድ፣ ሆድህ ውስጥ ወፍጮ አለ እንዴ? ሲዞር ይሰማኛል።”

“ዝም ብለህ ተኛ። እህል የለውም፣ ባዶውን ነው የሚዞረው።”

የዚያ እስር ቤት ሕግ አጭር ነበር። ዘበኛው ስም ጠርቶ “ከነዕቃህ!” ካለ ሰውየው ሊፈታ፣ ቢከፋም ወደ ሌላ እስር ቤት ሊዛወር ነው። “ዕቃህን ተወው!” ካለ ግን ያ ሰው ዳግመኛ አይታይም። ይህን ስንቅ ይዘው በር ላይ የሚቆሙት እናቶች ሳይቀሩ ያውቁታል።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የበክሪ ስም ተጠራ። ዕቃህን ተወው ተባለ። በክሪ ትኩሳቱ ገና ለቀቅ አድርጎት እንቅልፍ ወስዶታል፤ አልሰማም። ሰማንያ ሰው ወደ መስዑድ ዞረ። መስዑድ ሆዱን ነቅነቅ አደረገው።

“ተነስ በክሪ። ተጠርተሃል።”

“ከነዕቃዬ ነው?”

መስዑድ ከዘበኛው ጫማ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣ “ከነዕቃህ ነው” አለው።

በክሪ ሳቀ። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና፣ “በል ሆድህን ደህና አድርገህ ያዝልኝ” ብሎ ወጣ። ዘበኛው በር ላይ ብርድ ልብሱን ከብብቱ ስቦ ወደ ውስጥ መልሶ ወረወረው።

መስዑድ በዓመት ከመንፈቁ ሲፈታ ስልሳ ሁለት ኪሎ ነበር። ሥጋው ሄዷል፤ ቆዳው ግን ባለቤቱ መክሳቱን የነገረው ያለ አይመስልም፤ ከእምብርቱ እስከ ጭኑ መሃል እንደ ታጠበ ጆንያ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሞገስ ባየው ቁጥር፣ “ወዲህ አምጣው፣ ላጥብብልህ!” ይለዋል። ሻይ ቤት የሚውሉት ደግሞ፣ “ትርፉን ክፍል ለተከራይ ነው ያስቀመጠው” ይላሉ።

መስዑድ በዚህ ቀልድ ስቆ አያውቅም። ጀርባውን መኝታ ባስነካ ቁጥር እዚያ ባዶ ቆዳ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የሰው ራስ ይከብደዋል። ትኩሳት ያለበት ራስ ነው። ሚስቱ ረዲያ፣ “ምነው አትገላበጥም?” ስትለው፣ “ተኝቷል” ይላታል።

ሐሙስ ሐሙስ የበክሪ እናት ፋጤ ከገለምሶ ለገበያ ትመጣለች። ገበያዋን ሳትጀምር እሱ ዘንድ ጎራ ትላለች።

“ያ መስዑድ፣ ልጄን ከነዕቃው ነው አይደል የጠሩት?”

“ከነዕቃው ነው፣ አዴ ፋጤ።”

“እንግዲያው አዛውረውት ነው። ኢንሻአላህ ይመጣል።”

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሐሙስ ባለፈ ቁጥር ያ ራስ እየከበደ ሄደ።

በ1975 እጥፋቱ ሥር ላብ እየተኛበት ቆዳው ቆሰለ። ረዲያ በጨው ውኃ ብታጥበው፣ ዱቄት መድኃኒት ብትነሰንስበት፣ አንዱ ሲድን ሌላው ይከፈታል። ሐረር ይህን የሚቆርጥ የኩባ ሐኪም አለ ሲባል መስዑድ የደስ ደሱን ቤተኛውን ሁሉ በነፃ ሻይ አጠጣ። እሱ የፈለገው ቁስሉ እንዲድንለት ብቻ አልነበረም።

መንገድ ላይ ኬላ ደረሱ። ያኔ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ጨርቁን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ሸሚዙን ከላይ ደርቦ ነው የሚያልፈው። ፈታሹ የመስዑድን ሸሚዝ አየና ፊቱ በራ።

“ስንት ሜትር ነው የጠመጠምከው? ፍታ!”

“አይፈታም ጌታዬ።”

“ፖሊስተር ነው?”

“የአገር ውስጥ ምርት ነው።”

ፈታሹ እጁን አስገብቶ ጨበጠና ሳበ። ሞቀው። ቀስ ብሎ እጁን አወጣ፣ ሱሪው ላይ ጠረገ፣ “እለፉ” አለ፤ የአውቶቡሱን ሌላ ተሳፋሪ አንዱንም ሳይፈትሽ።

ሐረር ላይ ሐኪሙ መስዑድን አቁሞ ቆዳውን በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። ቋንቋቸውን የምታስተረጉመው ሶፊያ የምትባል ነርስ ነበረች።

“ከዚህ እስከዚህ ይቆርጠዋል። ጠባሳው ከወገብ እስከ ወገብ ይሆናል። ለመዳን ወር ይፈጃል ይልሃል።”

“ላዩ ላይ ያለውስ? አብሮ ይሄዳል ወይ በይልኝ።”

“ላዩ ላይ ምን አለ?”

“ራስ።”

ሶፊያ ለሐኪሙ ሌላ ነገር ተረጎመችለት፤ ሐኪሙም ሳቅ ብሎ የመስዑድን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ሰባት ኪሎ ወጣ። የሙስሊም ገላ አይጣልምና ረዲያ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እዚያው ሐረር ዘመድ ግቢ አስቀበረችው። ወሬው አሰበ ተፈሪ ከእሷ ቀድሞ ገባ፤ “መስዑድ በከፊል አረፈ” ተብሎ ለቅሶ በከፊል እንድረስ ወይስ ሙሉውን እንጠብቅ የሚል ክርክር ሻይ ቤቱን ሁለት ቀን አጨናነቀው።

መስዑድ ግን ሐረር አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ሁለት ቀን ቀለለው። አልሐምዱሊላህ አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ረዲያ ሾርባ እያጠጣችው፣ ያ ራስ ተመልሶ መጣ። መደላደያ ቆዳ ስለሌለ አሁን የተኛው ስፌቱ ላይ ነው።

በወሩ ቀጥ ብሎ፣ ሱሪውን በቀበቶ አስሮ አገሩ ገባ። ሐሙስ ፋጤ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እጇን በአፏ ጫነች።

“ማሻአላህ! ሙሽራ መስለሃል እኮ! ልጄ ሲመጣ አያውቅህም።”

መስዑድ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ።

“አይመጣም፣ አዴ ፋጤ።”

“ማነው ያለው?”

“ዕቃህን ተወው ነው ያሉት። ተኝቶ ነበር፣ አልሰማም። ከነዕቃህ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ረዲያ የያዘችውን ሳህን የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት። ፋጤ ባለ ስድስት እግሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳሩ ላይ ብቻ።

“እየሳቀ ነው የወጣው?”

“እየሳቀ ነው።”

“አንተ ነህ ያሳቅከው።”

“እኔ ነኝ።”

“አራት ዓመት ሙሉ እኔንም እንዲሁ አሳቅከኝ።” ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “ቀኑን ንገረኝ።”

“ግንቦት አሥራ ሁለት።”

“ማሽላ እየዘራሁ ነበር” አለች።

ያን ቀን ገለምሶ አልተመለሰችም። በማግሥቱ ጁምዓ መስዑድ ሸኽ አብዱልቃዲር ዘንድ ሄዶ አስከሬን ለሌለው ሰው የሚሰገደውን ሶላት ለመነ። ሸኹ ወደ መንገዱ ገልመጥ አሉ። በዚያ ዘመን ለተገደለ ሰው መስገድ ራሱ ለእስር ስም ያስጠራል። “ስሙን ብቻ ንገረኝ። እንዴት እንደሞተ አልጠየቅሁህም፣ አልነገርከኝም” አሉት። ተሰገደ። በዚህ ሶላት ጎንበስ ማለት የለም፤ መስዑድ እስኪያልቅ ድረስ ቆመ፣ ስፌቱ እየጠዘጠዘው።

ፋጤ ከመስጊዱ በር ውጭ ትጠብቀው ነበር። ማታ መስዑድ ያ ራስ የት እንደሚተኛ ለረዲያ፣ ረዲያም ለእሷ ነግራት ኖሯል፤ ዓይኗ ግራ ጎኑ ላይ ነው።

“አሁንስ ሄደ?”

መስዑድ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ልማድ ሆኖበታል።

“አልሄደም” አላት።

እጇን ወደ ሸሚዙ ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

“እንግዲያው እንዳትቀሰቅሰው” አለችና የገለምሶ መኪና ወደሚቆምበት ሄደች።