ውሃው ሲፈላ ዝም አልኩ

ያን ቀን መሐል ሜዳ፣ ጋራዡ ውስጥ አምስት ነበርን። የጋራዡ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ፤ መኪናውን ያመጣው ዳዊት፤ ጎማ የሚሠራው አሸናፊ፤ ከሁላችን በፊት እዚያ ጋራዥ የገቡት መካኒክ ጋሼ ጌታቸው፤ እና እኔ። የሆነውን አምስታችንም አይተናል። ያደረግሁትን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። የምታነቡኝ ሰዎች፣ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ዳዊት መኪናው ላይ ቱርቦ የሚባለውን፣ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ አስገጥሞ ሞተሩን አጠንክሮታል፤ አዲስ አበባ ወስዶ ሊወዳደርበት ነው። የቀረው ቴርሞስታት መምረጥ ነበር፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ ዕቃ። በኛ አገር ብዙ መካኒክ ነቅሎ ይጥለዋል። ጋሼ ጌታቸው አይጥሉም። ከደብረ ብርሃን ዘጠና አንድ ዲግሪ ላይ የሚከፍት ገዝተው መጡ።

«የመንዝ ብርድ ነው» አሉ። «እዚህ ሞተር ቶሎ አይሞቅም።»

እኔ ከመደርደሪያው ሌላ አንስቼ፣ ሰማንያ ሁለት ላይ የሚከፍተው ይኸኛው ነው የሚሻለው አልኩ። ቱርቦ ያለው ሞተር ሲጋልቡት ሙቀቱ ድንገት ይወጣል፤ ቀደም ብሎ መከፈት አለበት። ትክክል ነበርኩ። ዛሬም አልጠራጠርም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ አስረድቼ ማሸነፍ እችል ነበር።

«ስልኩ ነው የነገረህ?» አሉኝ ጋሼ። «ሞተር በስልክ ይታከማል እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

አሸናፊ ሳቀ፣ ዳዊትም ሳቀ። ሥራውን የተማርኩት በስልክ እያየሁ፣ የተጣለ ሞተር እየፈታሁ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለዚህ ነው የተበቀልኩት? ለአንድ ቀልድ?

«ምን ያከራክረናል? ቀቅለን እንየው» አልኩ።

ያልኩት እኔ ነኝ። ድስቱን የጣድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ዕቃ በሽቦ አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ። ውሃው ተንተከተከ። የኔው ቀስ ብሎ ተከፈተ። የሳቸው እንደተዘጋ ቀረ።

አያችሁ፣ ደጋ ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። መሐል ሜዳ ላይ ዘጠና ሳይሞላ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን ያህል ብትማግዱበት አይሞቅም። በዘጠና አንድ የሚከፍት ዕቃ በኛ ድስት ውስጥ እስከ ምጽአት ቢቀቀል አይከፍትም። መኪና ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ውሃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ዕቃውም ይከፍታል። ጤነኛ ነበር። አውቅ ነበር። ድስቱን የጣድኩትም ስለማውቅ ነው።

«ጋሼ፣ ሬሳ ሸጡልዎት እንዴ?» አለ አሸናፊ።

«ቆይ፣ ገና ነው።» ጎንበስ ብለው እንፋሎቱን በእጃቸው እየገፈፉ ጠበቁ። ፊታቸው ላቡን ሲያወርድ አየሁ። ደስ አለኝ።

እትዬ ብዙነሽ አልሳቁም። «ጌታቸው፣ አዲስ ነው ብለህ አይደል ያመጣኸው?»

«ሚካኤልን አዲስ ነው!»

 በኛ አገር የሞተ ዕቃ መግዛት ስህተት ነው፣ ይታለፋል። በታቦት በሐሰት መማል ግን አይታለፍም። እሳቸው የማሉት እውነት ነበር። እውነተኛውን መሐላ በሁሉም ዓይን ፊት ሐሰት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እሳቱን ጨመርኩበት።

«ዓይናችን እያየ በሚካኤል ትምላለህ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ከእንግዲህ እዚህ አትሠራም።»

ጋሼ ዕቃውን ከነትኩሳቱ በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። የዳዊት መኪና በኔ ምርጫ ሄደ፤ አንድም ቀን አልፈላም፤ እኔም ተመሰገንኩ።

ከወራት በኋላ ጋሼ ሥራ ፍለጋ ከሄዱበት ከዓለም ከተማ ወደ ጋራዡ ደወሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ቀቀልኩትና ከፈተ! ለብዙነሽ ንገርልኝ።»

ዓለም ከተማ ከኛ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ውሃው ሳይፈላ የበለጠ ይሞቃል። መከፈቱ አልገረመኝም። እንዲህ ነው ያልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ሌላ ገዝተው ይሆናላ!»

 «እኔ እኮ ያንኑ ነው የያዝኩት» አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው። ዘጋሁት። ለእትዬ ብዙነሽ አልነገርኩም። ለአሸናፊ ግን ነገርኩት፤ እንዲስቅ። ሳቀ፤ አብሬው ሳቅኩ።

አሁን እዚያ አውቶቡስ ያጥባሉ አሉ። በሐሰት ማለ የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ስለደረሰ ሞተር የሚሰጣቸው አልተገኘም። ልጅነት ነው ልበል? ልጅ አልነበርኩም። ቀልዱ አቆሰለኝ ልበል? ቀልዱ እስከ ማታ እንኳ አላመመኝም። ምክንያት የለኝም፤ ፍቱኝም አልልም።

እትዬ ብዙነሽ፣ ዳዊት፣ አሸናፊ፣ እናንተም ነበራችሁ። ያስቀረሁት ካለ ጨምሩበት። በተለይ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ጋሼ ሲወጡ እግራቸው በሩ ላይ ትንሽ ሲቆም ሰምቻለሁ፤ እኔ ድስቱ ላይ አጎንብሼ ቀና አላልኩም። ዞረው ማንን ነበር ያዩት?