ባና የገደለው ቦርድ

ሰቆጣ አጠገብ ካለችው ዝቋላ የወጣሁት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ነው፤ ገና ዶሮ ሳይጮህ። ባለቤቴ ትርንጎ የተቆላ ሽምብራ በከረጢት ቋጠረችልኝ፣ በላዩ የራሷን ባና ጣለችብኝ፤ ያው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ብርድ ልብስ። "ሱዳን እሳት ነው አሉ፣ ይኼ ምን ያደርግልኛል?" ብላት "የሚለብሰው ያጣ ሰው መስለህ አትግባ" አለች። ከሷ ጋር ተከራክሬ አላውቅም፣ ይዤው ሄድኩ።

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ አማርኛውም ከኽምጥኛ ቀጥሎ የመጣ ሁለተኛ አፌ ነው፤ ስሕተት ብታገኙ እለፉት። ግን ሰቆጣ ገበያ ላይ መበየጃዬን በከሰል እያጋልኩ ስንቱን ሬዲዮ አስነሥቻለሁ። እጄ ሥራ ያውቃል። ማሽላው ሁለት ክረምት በላይ በላዩ ሲከዳን ነው እግሬ የተነሣው።

ሰቆጣ በእግር፣ ጎንደር በጭነት መኪና፣ ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ድንበር። የማዶው መዝጋቢ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀኝ።

"እናቴ ማሽላ ስታርም ነው" አልኩት በአስተርጓሚ።

"ቀኑን ነው የምልህ።"

"የታረመበትን ቀን ማን ይጽፋል?"

ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ። ከፊቴ የነበሩትንም ሁሉ እንዲያው ነበር የጻፋቸው። "እናንተ አገር ሰው የሚወለደው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው?" አለኝ።

"ሌላውን ቀን ሥራ አለብን" አልኩት። አስተርጓሚው ሳቀ እንጂ አልተረጎመም።

ካርቱም ስገባ ሙቀቱ አላስደነገጠኝም፤ ቆላ ነው ያደግሁት። ያስቸገረኝ ምግቡ ነው። ኪስራ የሚሉት አላቸው፣ የማሽላ እንጀራ መሳይ፤ ግን ስስ ነው፣ ወረቀት ነው፣ ብትይዘው ማዶው ይታይሃል። በማሽላ እንዲህ ይቀለዳል? ደግሞ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው "እርስዎ" ይባላል። እነሱ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም "ኢንታ" ነው፣ አንድ አንተ ለሁሉ። ለመድኩት፤ አልወደድኩትም።

እየዋለ እያደረ ዑስማን የሚባል መሐንዲስ ቤት ገባሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ግን አዋቂ ነው። ዓባይ ዳር ላሉ ገበሬዎች የውኃ ፓምፕ ማዘዣ ሳጥን ይሠራል። ውኃው ሲጎድል ሞተሩ ደርቆ እንዳይቃጠል ሳጥኑ ራሱ ያጠፋዋል፣ ሲመለስ ያስነሣዋል። ሳጥኑ ውስጥ ቦርድ አለ፣ ቦርዱ ላይ ቺፕ፣ ቺፑ ውስጥ ዑስማን በኮምፒውተር የጻፈው ትእዛዝ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እበይዳለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማ የሚሉትን፣ በየዓመቱ ዋስ ሆኖ የሚፈርምልኝም እሱ ነበር።

አንድ ቀን ለብዙ ፓምፕ የሚሆን ሥራ አገኘና ሁለት ዓይነት ቦርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ርካሽ ነው። ቺፑ አናቱ ላይ የመስታወት መስኮት አለው፤ የተጻፈው የሚጠፋው በዚያ መስኮት በልዩ መብራት ነው፣ ሌላ ጊዜ መስኮቱ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሁለተኛው ውድ ነው፣ መስኮት የለውም፣ በሽቦ ይጻፋል በሽቦ ይጠፋል።

"ርካሹን ነው የምገዛው" አለ።

"በሬ ሳይጠመድ አይገዛም" አልኩት። "እኛ አገር በሬ የሚገዛ ሰው ወስዶ አርሶ ያየዋል። ቀንዱን አይቶ የሚገዛ ሞኝ ነው።"

"ያ ሓጅ፣ ይኼ በሬ አይደለም።"

"እኔም ሓጅ አይደለሁም፣ ክርስቲያን ነኝ። ጣራ ላይ ይዋሉ፣ አቧራና ፀሐይ ይያቸው። ሳጥናቸውም ክፍት ይሁን።"

"ሳጥን የተሠራው ሊዘጋ አይደለም እንዴ?"

"ገበሬ ክዳን ከፍቶ ይተዋል። እኔ ገበሬ ነኝ፣ አውቃለሁ።"

ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። "ሥራው በዚህ ቢያመልጠኝ ግን፣ ለኢቃማህ ሌላ ፈራሚ ፈልግ" አለ። ቀልድ አልነበረም።

ጣራ ላይ ሰቀልኳቸው፣ እያንዳንዱን ከአንድ በርሜል ውኃና ከትንሽ መሞከሪያ ሞተር ጋር አያይዤ። ያው መቼም ልቤ ያደላው ለውዱ ነው። በሦስተኛው ቀን ያ የነሱ ቀይ የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ሁለቱንም አወረድኩ። ርካሹን እንዲሁ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፣ ውዱን በትርንጎ ባና ጠቀለልኩት። እኛ ዘንድ የከበረ ነገር ባና ውስጥ ነው የሚያድረው። ጠዋት ስጎትተው ጣቴ ላይ ጠቅ አለኝ፣ እንደ ጉንዳን። ቦርዱ ከዚያ ወዲያ አልነቃም።

ዑስማን አየውና "በቃ፣ በሬህ ሞተ" አለ። ለርካሹ ነጋዴ ሊደውል ነው።

ያን ቀን ሙሉ ሌላ ሳጥን እየበየድኩ ሳሰላ ዋልኩ። ብናገር ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፊርማውም ይቀራል። ዝም ብል ይፈርምልኛል፣ እዚያ ዳር ያለ ገበሬ ግን ባልተፈተነ ነገር ይታመናል። ማሽላ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ማምሻውን ባናውን ይዤ ወደ ዑስማን ሄድኩና እሱ እያየ አሸሁት፣ ጣቴን ወደ በሩ ብረት አስጠጋሁ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ፤ ሱፍ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል።

"ቦርዱ በራሱ አልሞተም፣ እኔ ነኝ የገደልኩት" አልኩት። "በዚህ ነው።"

ባናውን አየ፣ እኔን አየ። "በዚህ አገር ሙቀት የበግ ጠጉር ልብስ?"

"ባለቤቴ ናት።"

ሲስቅ ወንበሩን ይዞ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ጠቆረ። "አንድ ቦርድ አለኝ፣ የመጨረሻ ነው። የቀረህ ደግሞ ዐሥር ቀን ነው። ኢቃማህን አትርሳ" አለ።

ያን ባና ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ ክፍሉ አላስገባሁትም። እናንተ ከኋላ የምትመጡ፣ ይህን ከኔ ስሙ፦ ቦርድ ከመንካታችሁ በፊት በእጃችሁ መሬት የነካ ብረት ንኩ፤ በሱፍና በላስቲክ አትጠቅልሉት።

ርካሹንና የመጨረሻውን ውድ ቦርድ መልሼ ጣራ ላይ ሰቀልኩ። የርካሹ መስኮት ላይ የተለጠፈው ወረቀት በሙቀቱ ተሸበሸበ፣ ቀጥሎ ወደቀ። ፀሐይ በመስኮቱ እየገባች የተጻፈውን ትልሰው ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ውኃው ጎድሎ ሳለ ሞተሩን አላጠፋም፤ ማጥፋቱን ረስቶታል። ውዱ በአቧራ ተሸፍኖ ትእዛዙን አንድ አልዘለለም።

ዑስማን ውዱን አዘዘ። የኢቃማዬን ወረቀት ሲፈርምም "ቦርድ መራጭ" ብሎ የሥራዬን ስም ሞላ። ዛሬ ዓባይ ዳር ያ ሳጥን የሌለበት ትልቅ እርሻ ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የሰቆጣው ሬዲዮ ጠጋኝ። ብኮራ አትፍረዱብኝ።

በመስቀል ሰሞን ትርንጎ ለስልክ ቀጠሮ ሰቆጣ ቴሌ ድረስ መጣች። ሁሉን ነገርኳት። በመሀል አላቋረጠችኝም፣ እሷ ሆና።

"ታዲያ ተከዜ እኮ ከመንደራችን ሥር ነው የሚያልፈው" አለች። "ማሽላው ዘንድሮም እየተቃጠለ ነው። የሰው አገር ወንዝ ካዘዝክ ይኼኛው ምን አደረገህ?"

"ቦርዱን መምረጥ እንጂ ትእዛዙን መጻፍ አልችልም።"

"መጻፉን የሚችል የተማረ ሰው እዚህ አይጠፋም። አንተ መርጠህ ና።"

ከሱዳን አንዴ ከወጣሁ ኢቃማው መልሶ አያስገባኝም። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ወንዙ ከቤታችን ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ትነግረኝ ጀመር፣ ሄዳ ለክታው ኖሯል።