አቶ፣ ከሳን ሆዜ

ባለፈው ሳምንት ሳንታ ክላራ መንገደኛ አውርጄ፣ መኪናዬ ውስጥ ሳንድዊች ስገምጥ ኢሜይል ገባ። የመጸውን ቅጠል ፎቶ እያነሱ፣ የት ቀላ የት ረገፈ እያሉ በነጻ የሚዘግቡ ሰዎች ናቸው የላኩት። የዘንድሮው ቅጠል አልቋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሪፖርት የላካችሁልንን ሁሉ እናመሰግናለን ይላል። ሥሩ ረጅም የስም ዝርዝር አለ። እኔ ዝርዝር አላነብም፤ ዓይኔም እንደ ወገቤ ደክሟል። ብቻ አውራ ጣቴ ዝም ብሎ ሲወርድ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፦ «አቶ፣ ሳን ሆዜ»። አባቴ ናቸው።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አባባን ከጅማ አስመጥቼ ሳን ሆዜ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ኦክላንድ ኤርፖርት ቫን እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኤመሪቪል ፓርኪንግ እጠብቃለሁ። ጠዋት ፍሪሞንት ላይ ተዘጋግቶ የተውኩት መንገድ ስመለስም እዚያው ተዘጋግቶ ይጠብቀኛል። ዕድሜ ልካቸውን የቡና ተክል ሲቆጣጠሩ የኖሩት አባባ፣ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ይቆጣጠራሉ። መጀመሪያ ምሳቸውን ግማሹን መተው ጀመሩ፤ በኋላ ሳህኑ እንደተከደነ ይጠብቀኝ ጀመር። ወጣ ይበሉ እንጂ ስላቸው «ወዴት?» ይሉኛል። ሰውዬው ዓይኔ እያየ እያለቁብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማዝንበት ጉልበት እንኳ አልተረፈኝም።

አንድ የኅዳር ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቅጠል ይዘዋል።

«ይሄን ዛፍ ዋግ መትቶታል» አሉ። «ባለቤቱ ይነገረው። ሰፈሩን ሁሉ ይጨርሰዋል።»

በራችን ላይ ያለው ዛፍ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ አምስት ጣት ያለው፣ ያን ሰሞን ከጫፉ ብርቱካናማ ከመሀሉ ቀይ ሆኗል። አባባ ደግሞ የቡና ቅጠል እንዲያ መልኩን ለውጦ ሲረግፍ፣ ማሳው ሁሉ ሲራቆት ያዩ ሰው ናቸው። ወቅቱ ነው፣ በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስረዳኋቸው።

«በየዓመቱ ይታመማል?» አሉኝ።

በነጋታውም ጠየቁ፣ በሦስተኛውም ቀን ጠየቁ። ለመገላገል ብዬ ዛፉን ፎቶ አነሳሁና፣ እነዚያ የቅጠል ሰዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ አባባ እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍኩ፦ ዛፋችን ታሟል፣ ሳይዛመት ድረሱልን። ከነማዕረጋቸው ስማቸውን ከሥሩ አስጻፉኝ። በነጋታው አንዲት ሴት መለሰች። «ውድ አቶ» ብላ ትጀምራለች። ዛፉ ደህና ነው፣ እንዲያውም የሚያምርበት ሳምንት ላይ ነው፣ ስለ ሪፖርትዎ እናመሰግናለን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት እንደሆነ ይነግሩን ይሆን?

«አቶ ብላ ነው የጻፈችው?» አሉ አባባ። «ጨዋ ሴት ናት።»

ስምዎ መስሏት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ አቶ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዙ በለኛ። ጫማቸውን ወልውለው ጠዋት ይወጣሉ፤ አረንጓዴው ስንት፣ የቀላው ስንት፣ የረገፈው ስንት እያሉ መንገድ ለመንገድ በደብተር ይመዘግባሉ። እሁድ ወደ ሥራ ስሄድ ኦክላንድ ሐይቁ ዳር አወርዳቸዋለሁ፤ ስመለስ ኪሳቸው ቅጠል ብቻ ነው። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እያዛጋሁ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። ሳህኑም ባዶውን ይጠብቀኝ ጀመር።

ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ ደብተራቸውን ዘጉና «እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» አሉኝ። «ከሶፋ ላይ አንሥተውኛል። እንዳልኩህ አድርገህ ጻፍልኝ።» እሺ አልኩ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ነገ አልኩ። ነገም ደክሞኝ ነበር። አራት አምስት ቀን ቆይተው መልስ መጣ ወይ ሲሉኝ ልኬያለሁ አልኳቸው።

«ምን አሉ?»

«አብሮ ይስጥልን አሉ።»

ምላሴ ነው የቀደመኝ። እግዜር ይስጥልኝ ሲባል ልጅ ሆኜ የለመድኩት መልስ እሱ ነዋ። ፈረንጅ ከየት አምጥቶ አብሮ ይስጥልን ይላል? አባባ ደብተራቸውን አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

«ደክሞሃል ልጄ» አሉ። «ተኛ።»

በዓመቱ ዛፉ ቀላ። ደብተሩ ግን ከመሳቢያው አልወጣም። ፎቶ ላንሣልዎት ብላቸው «ሳላመሰግናቸው በምን ዓይኔ» ብለው ዞር አሉ። መንገዱን መሄዳቸውን አልተዉም፣ ምሳቸውንም ይበሉ ነበር፤ ይህን ያደረጉልኝን ሰዎች እኔ ነኝ ምስጋናቸውን ያስቀረሁባቸው። ያኔውኑ ብጽፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን መጻፍ ማለት ዋሽቻለሁ ብሎ ማመን ነው። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ፣ አባባም ሄዱ።

ሳንድዊቹን አስቀምጬ ጻፍኩ። አቶ ስም አይደለም፣ አክብሮት ነው አልኩ። አባቴ አርፈዋል፣ ምስጋናቸው እኔ ጋር ቆይቶ ነው አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ የሚለውን በፊደላችን ጽፌ፣ ከሥሩ ትርጉሙን አስቀመጥኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ያችው ሴት ናት፤ አርጅታለች መሰለኝ፣ ዓረፍተ ነገሯ አጥሯል። አቶን አስታውሳቸዋለሁ፣ ከእኛ ውስጥ የረገፈውን የሚቆጥር እሳቸው ብቻ ነበሩ ትላለች። በእናንተ አገር እንዲህ ሲባል መልሱ ምንድን ነው? ብላም ጠየቀችኝ።

ነገርኳት።

ዛሬ ኤርፖርት ወረፋ ይዤ ስልኬን ብከፍት አንድ መስመር ብቻ ልካለች፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ተሰባብሮ፦ አብሮ ይስቲሊን፣ አቶ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩንባውን እስኪነፋብኝ ድረስ ወረፋው መንቀሳቀሱን አላየሁም። መኪናዬን ወደፊት ጠጋ አድርጌ፣ ወደ ባዶው የጎን ወንበር ዞሬ «አባባ፣ አብሮ ይስጥልን ብለዋል» አልኩ።