ሙቀጫው ትምህርት ቤት የሄደ ዕለት

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ የቆቦ ሜዳ ማሽላ እየታጨደ ነበር። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ጠዋት ቦርሳዋን እያነገተች፣ «እማ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ አምጡ ተብለናል። ነገ በሰልፉ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ» አለችኝና እየሮጠች ወጣች።

ደስ አለኝ። እኛ ስንማር የባትሪ ድንጋይ የሚፈለገው ሰሌዳ ለማጥቆር ነበር። ሰብረን፣ ጥቁሩን ወቅጠን፣ በውሃ በጥብጠን እንቀባዋለን። በደንብ ያላመ ይመሰገናል። እኔ ሁለት ጊዜ ተመስግኛለሁ።

ማሽላ ጠባቂው ሁሉ በእጅ ባትሪ ሲያድር ስለከረመ በሰፈራችን ያለቀ ድንጋይ ሞልቷል። ከየቤቱ ለምኜ አንድ ዘንቢል ሰበሰብሁ።

«ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«ለልጄ ትምህርት ቤት ነው» አልኋት።

ቢስሚላህ ብዬ ተቀመጥሁ። ቆርቆሮውን ሰብሬ፣ ውስጡን በበርበሬ ሙቀጫዬ ወቅጬ እንደ ሽሮ አላምሁት። ሙቀጫው ከእናቴ የወረስሁት ነው።

ልጄ ስትመለስ ዱቄቱን አቀረብሁላት። ክንዴ እስከ ክርኔ ጠቁሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሰሌዳችሁ ቀለም። ከዚህ የላመ አታገኙም።»

ባዶውን ዘንቢል አየች። ቦርሳዋን ሳታወርድ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ የእኛ ሰሌዳ ነጭ ነው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ድንጋዩ ውስጡ መርዝ አለው። ያለቀው ድንጋይም፣ የተበላሸው ስልክም ሳይሰበር ተሰብስቦ፣ የሚያውቁት ሰዎች እስኪወስዱት ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጣል እንጂ አይወቀጥም፣ አይቃጠልም፣ ጎርፍ መውረጃ ውስጥ አይጣልም። ከትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጋር ሁለት ሳምንት የተለማመደችው ንግግር ይኸው ነበር።

«ድንጋዮቹን እያሳየሁ ነበር የምናገረው። አሁን ምን ይዤ ልቁም?» አለች። እንባዋ መጣ።

ድንገት ግን ቀና አለች።

«በምን ወቀጥሽው?»

«በሙቀጫው።»

«በበርበሬው?»

አቀረቀርሁ። በእንባዋ መሀል ሳቋ አመለጣት። ፊቴን እያየች፣ «አስተማሪያችን፣ ‹ይህ በእኛ ቤት አይደረግም የሚል ተማሪ አይጠፋም› ብሎናል። የአንቺን ልንገራቸው?» አለች።

በዚያ ትምህርት ቤት እኔን የሚያውቅ ልጅ የሌለበት ክፍል የለም። ግን በርበሬ ሳልወቅጥበት ነው የደረሰችልኝ። ይህ እንዴት ይረሳል?

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ። «ንገሪያቸው። እኔም አብሬሽ እቆማለሁ።»

ግቢውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን። ዱቄቱንና ስብርባሪውን በፌስታል ደራርበን ጠቅልለን ባለክዳን ባልዲ ውስጥ ከተትን። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጥቤ፣ ዉዱእ አድርጌ ሰገድሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሙቀጫውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ባልዲውን ልጄ ይዛ ባጃጅ ተሳፈርን።

«እናቴ፣ ትምህርት ቤት ምን ሊወቅጡ ነው?» አለኝ ባለባጃጁ።

«ትናንት ጨርሻለሁ» አልሁት።

ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ልጄ ወጣች፤ እኔም ሙቀጫውን ይዤ አጠገቧ ቆምሁ። ድምጿ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። «ይህ የእናቴ የበርበሬ ሙቀጫ ነው» ስትል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ያን ጊዜ ድምጿ ጠራ፤ የተለማመደችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «የእኛም እማ ድንጋይ ትሰብራለች» አለች። ያኔ የሳቀ አልነበረም።

ባልዲውንና የእናቴን ሙቀጫ ትምህርት ቤቱ ካስቀመጠው በርሜል አጠገብ ትቼ ተመለስሁ። ቤት ደርሼ ዘንቢሉን አነሳሁና ትናንት ወዳልደረስሁበት ወደ ማዶው ሰፈር ሄድሁ። በየደጁ ቆሜ፣ «ያለቀ ድንጋይ ካላችሁ ስጡኝ፤ ዛሬ የምፈልገው ሳይሰበር ነው» እያልሁ ሞላሁት።