ሁለተኛው ሂላ

የደረቀ ሰሊጥ በሸተተኝ ቁጥር በደርግ ጊዜ ቆላው ኮኪት የነበረው የአጎቴ ግቢ ይመጣብኛል። እናቴ፣ አጎቴ አያ ደሴ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ ሙሉ፣ ጎጃሜው አጫጅ በላይና እኔ ነበርን።

የጭንቅላቴ ዕጢ አዲስ አበባ ከወጣልኝ ወዲህ ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኝ ስለነበር ዓይኔም በቀዶ ጥገና ተስተካክሎ ነበር። አያ ደሴ ለመፈተኛ አንድ ሂላ፣ ተደግፎ የቆመ የሰሊጥ ነዶ፣ ግቢው መሃል አቁመው ነበር። ጋሼ ሙሉ የዓይኔን ፋሻ ፈቱልኝ።

«ስንት ይታይሃል?» አሉ አያ ደሴ።

«ሁለት!»

«ወይኔ ልጄን!» አለች እናቴ።

አያ ደሴ ዞር ብለው አዩና በሳቅ ፍርስ አሉ። «ዝም በይ አንች! እውነትም ሁለት ነው! ባይድን አራት ይል ነበር! ማነው የጨመረው?»

በላይ «ብቻውን ንፋስ ይጥለዋል» አለ እንጂ እኔ ነኝ አላለም። ሮጬ ሁለቱንም አቀፍኳቸው፤ ሰሊጡ አንገትጌዬ ውስጥ ረገፈ።

እዚያ የነበራችሁ፣ ሁለተኛውን ማን እንዳቆመው እዚህ ታሪክ ላይ ጨምሩልኝ።