ለእናቷ ወንበር የጠመጠምነው ሽቦ

ባለቤቴን ባገባሁ በሦስተኛው ዓመት እናቷ እግራቸው አልታዘዝ አላቸውና ከመንዝ ወደ እኛ፣ ወደ ዓለም ከተማ መጡ። ምግብም አላማረሩ፣ ሕመማቸውንም አላወሩ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም መቅረቱ ብቻ ነበር የሚከነክናቸው። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ ተምሬ ነበርና በብስክሌት ጎማ የሚሄድ ወንበር ከስስ ቱቦ ልሠራላቸው አሰብኩ። የብየዳ ማሽን ግን አልነበረኝም። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የወጡ የብረት ንጣፎች አገኘሁና ማሽኑንም ራሴ ልሠራው ተነሳሁ።

ሽቦውን የጠመጠመችው ባለቤቴ ናት። የበግ ፀጉር ስትፈትል ያደገች ስለሆነች ዙሩ አይላላባትም፣ ቁጥርም አይጠፋባትም። ንጣፎቹን ደርድሬ ሁለት እግር ያለው ማቀፊያ ሠራሁ፤ እሷ ከመብራቱ የሚቀበለውን ቀጭን ሽቦ በአንዱ እግር ላይ ጠመጠመች፤ ለብየዳው የሚሰጠውን ወፍራሙን በላዩ ደረበችው። ስሞክረው እሳቱ በረታና ቱቦውን በሳው። ጥቅሎቹ በጣም ስለተቀራረቡ የአንዱ መግነጢስ ሳይባክን ለሌላው ይደርሳል፤ ኃይሉን የሚገታው አልነበረም። ጥቂቱ በመሀል ማፈትለክ ነበረበት። ፈታንና ወፍራሙን ሁሉ በማዶኛው እግር ላይ ጠመጠምነው። አሁን ደግሞ የሚያፈተልከው በዛ፤ እሳቱ ይደክምና ኤሌክትሮዱ፣ የሚቀልጠው የብየዳ ዘንግ፣ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ። እሷ እንደገና የፈታነውን ሽቦ ጭኗ ላይ እያቃናች ቆየችና፣

«ግማሹን ከቀጭኑ ጋር፣ ግማሹን ማዶ ብናደርገውስ?» አለችኝ።

ሳምንት ሙሉ ሳገላብጠው የከረምኩትን የትምህርት ቤት ደብተሬን ዘጋሁ። እንዳለችው አደረግን። አሁንም በመጠኑ ይበረታ ስለነበር ስድስት ዙር ወደ ማዶ አሻገረች። ከዚያ በኋላ እሳቱ ረጋ፤ ቱቦው ሳይበሳ ተያያዘ። በሽቦው የጠቆሩ ጣቶቿን ያዝኩ። እሷም አልነጠቀችኝም።

ወንበሩ ተበይዶ አለቀና በቀጣዩ እሑድ እናቷን በእሱ ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ እኔ ብየዳው ይለቅ ይሆን እያልኩ አንገቴን ደፍቼ መገጣጠሚያውን አያለሁ። ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣

«ቀና በል ልጄ፣ አልወድቅም» አሉኝ።

ቅጥሩ ጋ ስንደርስ አስቆሙንና እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ተሳለሙ። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። እናቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ጭቃ ካልከለከለን በቀር አንድም እሑድ አልቀሩም።