የዋንጫው ዓመት ስብስብ

ወጌሻው ካሮት ሲሰበር መስማት አይችልም። ሚስቱ መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሏት ነበር። ወጥ ቤት ገብታ አንዱን ካሮት ቀጭ ስታደርገው ሳሎን የተቀመጠው ባሏ ጋዜጣውን ጥሎ ብድግ ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ካሮቱ ምን አደረገህ?» ብላ ስትስቅ እሱ አይስቅም፤ ፊቱ አመድ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ በቢላዋ መክተፍ ጀመረች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልነገራት። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖሩ።

በጉልምስናው ለአሥራ ሁለት የውድድር ዘመን የአንድ ትልቅ ክለብ ወጌሻ ነበር። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንግቶ፣ በረዶና ፋሻ ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው፣ ተመልካቹም «ቶሎ በል እንጂ፣ እንቅልፍ ነው እንዴ!» እያለ የሚጮህበት ያ ሰው። ተጫዋቾቹ «ዶክተር» ይሉት ነበር። ዶክተር አለመሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ የታመመ ሰው ግን ማዕረግ ሲሰጥ አይሰስትም። ጣቶቹ የታወቁ ነበሩ። የተጎዳ ጉልበት ላይ ያሳርፋቸውና ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ «ሦስት ቀን» ወይም «ሁለት ሳምንት» ይላል። ካለ አለ ነው።

አንድ ልማድም ነበረው። በየሳምንቱ ከጨዋታ በፊት የእያንዳንዱን ተጫዋች ገላ ከዐሥር ነጥብ እየሰጠ በደብተር ይጽፋል። ለአንድ የውድድር ዘመን አንድ ደብተር። ጎል ማን አገባ፣ ቢጫ ማን አየ የሚል ነገር አይገኝበትም። የማን ቁርጭምጭሚት አበጠ፣ የማን ወገብ ተያዘ፣ ማን ትኩሳቱን ደብቆ ተሰለፈ፣ እሱ ብቻ ነው። ክለቡን ከለቀቀ በኋላ ሆስፒታል ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ አሥራ ሁለቱ ደብተሮች ግን ካርቶን ውስጥ ሆነው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ቀሩ። አሥራ አንዱን አልፎ አልፎ አውርዶ ያገላብጣቸዋል። አንዷን አይነካትም።

ባለፈው ዓመት የክለቡ ጸሐፊ ቤቱ ድረስ መጣ። ቀልጣፋ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ጎልማሳ ነው። ክለቡ ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር እንደሆነ፣ መጽሔትም እንደሚታተም ነገረው።

«አንድ ሙሉ ገጽ ለእርስዎ አስቀምጠናል» አለ። «ከየዓመቱ ስብስቦች የትኛው ነው ጠንካራው? ደጋፊው በየሻይ ቤቱ የሚጨቃጨቅበት ነገር ነው። የጎሉም የነጥቡም ቁጥር እኛ ጋ አለ። የእርስዎን ዓይነት ደብተር ግን ማንም የለውም። ያነጻጽሩልን።»

«መልሱን የያዛችሁት መሰለኝ» አለ ወጌሻው።

«እሱማ ማን ያጣዋል፣ ጋሼ! የዋንጫው ዓመት ስብስብ ነዋ! እኛ የምንፈልገው በቁጥር እንዲያስቀምጡልን ብቻ ነው።»

ወጌሻው እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን «እሺ» የሚል ነበር። ለምን እሺ እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ካርቶኑን አወረደና የምግብ ጠረጴዛውን ለሦስት ሳምንት ያዘው። ሚስቱ ሳህን ማስቀመጫ ብታጣ «ይህ ቤት ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ» እያለች ጉልበቷ ላይ አድርጋ መብላት ጀመረች። ሥራው ቀላል ነበር። በአንድ ዓመት ሃያ አምስት ተጫዋች አለ፤ ሰባትና ከዚያ በላይ ያገኘውን «ሙሉ ሰው» ይለዋል። ከዚያ በየሳምንቱ ስንት ሙሉ ሰው እንደነበረ ይቆጥራል። ዐሥራ አንዱን ዓመት እንዲህ ጨረሰ። ከዋንጫው በፊት በነበረው ዓመት ቡድኑ አራተኛ ነበር የወጣው፤ ማንም አያስታውሰውም። በደብተሩ ላይ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ሙሉ ሰው ከዐሥራ ዘጠኝ በታች ወርዶ አያውቅም። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ቢገባ ቡድኑ የሚቀንስበት ነገር የለም። ከዋንጫው በኋላ በነበረው ዓመት ደግሞ ሙሉው ሰው ዘጠኝ ነበር። ቡድኑ በአንድ ጎል ብልጫ ነው ከመውረድ የተረፈው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ ከሃያ አምስቱ ሃያው ያው ሰዎች ናቸው። ያው ስም፣ ያው ቁመት። መሀል ላይ ያለችው ዓመት ምን አደረገቻቸው?

ያቺን ደብተር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከፈታት። መጀመሪያው ወር ላይ ሃያ አንድ ሙሉ ሰው አለ። ግማሽ ላይ ዐሥራ ስድስት። ከዚያ አንድ በአንድ ይጎድላሉ፤ በታፋ፣ በብሽሽት፣ በተረከዝ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ላይ ሲደርስ ቁጥሩ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት፣ ሃያ። ሌላ ሰው ቢያየው «ዳኑ» ይላል። ወጌሻው ያውቃል። ያኔ አሠልጣኙ ደብተሩን ማየት ጀምሮ ነበር። ከሜዳ ዳር ሆኖ በሁለት ጣቱ ስለሚያፏጭ «ፉጨት» ነበር የሚባለው። «ይህ ለምን አራት ሆነ? እየተራመደ አይደል እንዴ!» ይላል ፉጨት። ወጌሻው አራቱን ሰባት ያደርገዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፉጨት መጠየቅ አላስፈለገውም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የአማካዩ ስም አለ። «ድልድይ» ይሉት ነበር፣ ኳሱን ከኋላ ወደ ፊት የሚያሻግረው እሱ ስለሆነ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከስሙ ፊት ለፊት በእስክሪብቶ ስምንት ተጽፏል። ከስምንቱ ሥር በእርሳስ የተጻፈና በላጲስ የጠፋ ሦስት አለ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርገው ሦስቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ትናንት የተጻፈ ይመስል። ጣቱን አሳረፈበት። ጣቱም ጉልበቱን አስታወሰ።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት የመልበሻው ክፍል በላብና በቅባት ሽታ ታፍኖ ነበር። ድልድይ የመታሻው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ወጌሻው ከጉልበቱ ጎን ያለውን ጅማት ሲነካው ልል ሆኖ አገኘው፤ አጥንቱ ከቦታው ሸርተት ብሎ ተመለሰ። ልጁ ጥርሱን ነከሰ።

«ዶክተር፣ ያመኛል።»

ፉጨት በሩ ላይ ቆሟል። አሥሩ ተጫዋቾች ጫማቸውን እያሰሩ ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

«ይችላል?» አለ ፉጨት።

ወጌሻው ፉጨትን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ድልድይን ጉንጩ ላይ ቸብ አድርጎ፣ «የለም፣ አያምህም» አለው። «ጭንቅላትህ ውስጥ ነው ያለው።» የማደንዘዣ መርፌውንም ወጋው።

በሰባ አንደኛው ደቂቃ ድልድይ ኳሱን ነጥቆ አሻገረ። አጥቂው አገባ። ሰው ሁሉ ወደ ጎሉ ሲያይ ወጌሻው ብቻ ወደ ድልድይ ነበር የሚያየው። የቆመበት እግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍም አየ፣ ድምፁንም ሰማ። በዚያ ሁሉ ሺህ ሰው ጩኸት መሀል ድምፁ እንዴት ጆሮው እንደደረሰ ለራሱም አይገባውም። ቀጭ። ዋንጫው ሲነሳ ልጁ አምቡላንስ ውስጥ ነበር። በሳምንቱ ወጌሻው ሆስፒታል ሄዶ የክፍሉን እጀታ ያዘ፤ ከውስጥ የድልድይን እናት ድምፅ ሲሰማ እጀታውን ለቆ ወጣ። ድልድይ ዳግመኛ አልተጫወተም። ፉጨት ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ። ድምፁ ግን ከወጌሻው ጋር ቀረ፤ መሳቢያ ሲዘጋ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ጣቱን ሲያንቋቋ።

ያን ረፋድ ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። የታመመ መሰላት። ሁሉንም ነገራት። ካሮቱም ሳይቀር።

«አሁን ምን ልትጽፍላቸው ነው?» አለችው።

«ሦስት ብዬ እጽፋለሁ። የሌሎቹንም እንደዚሁ።»

«ለመጽሔት እውነቱን ከነገርክ፣ ለሰውየው ለራሱ ብትነግረውስ ምን ይውጥሃል?»

ድልድይ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ቁልፍ ይቀርጻል። ሱቁ ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ገና ጥርስ ያልወጣላቸው ቁልፎች ተሰቅለውበታል። ወጌሻው ሲደርስ ማሽኑ እያፏጨ ብረት ይበላ ነበር። ድልድይ ቀና ሳይል «ስንት ቅጂ?» አለ። መልስ ሲያጣ ማሽኑን አጥፍቶ ቀና አለ። የድልድይ ፀጉር ሸብቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል።

«ዶክተር» አለ። «አርጅተሃል።»

«አርጅቻለሁ።»

ድልድይ ደንበኛ የሚቀመጥበትን በርጩማ በሚደገፍበት ዱላ ጫፍ ገፋ አደረገለት። ወጌሻው ተቀመጠና ያዘጋጀውን ሁሉ ረስቶ፣ «ሦስት ነበር» አለ። «ጉልበትህ። ሦስት ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። እያወቅሁ ነው ያስገባሁህ።»

ድልድይ የቁልፉን ብናኝ በአውራ ጣቱ ጠረገ። «ይህንን ልትነግረኝ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የፈጀብህ? እኔም አውቅ ነበር እኮ። የራሴ ጉልበት አይደለም እንዴ? አትችልም ብትለኝም ለምኜህ እገባ ነበር። ዋንጫ ነው!»

ወጌሻው ትንፋሹ ቀለል ሊለው ሲል ድልድይ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። በጉልበቴ አልተቀየምኩህም። 'አያምህም' ባልከኝ ነው። እየው፣ ሰው 'እያመመህም ቢሆን ግባ' ሊለኝ ይችላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። አንተ ግን ጣትህ የሚዋሽ ሰው አልነበርክም። ስለዚህ አመንኩህ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲያመኝ ድምፅህ ይመጣል። 'የለም፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው' ይለኛል። ጥርሴን፣ ወገቤን፣ ሁሉን ነገር። ይሁን፣ የኔ ገላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ልጄ ሆዴን አመመኝ ብላ አለቀሰች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጉንጯን ቸብ አድርጌ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ?»

ወጌሻው አወቀ። መሬት መሬት አየ።

«ትምህርት ቤት ሰደድኳት። ከሰዓት ተሸክመው አመጧት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ዳነች፣ ተመስገን። ግን ያኔ ከአፌ የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም ዶክተር። ያንተ ነበር።»

ውጪ አንድ ሰውዬ ቁልፍ ይዞ መጣና ሁለቱን አይቶ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ወጌሻው ይቅርታ ሊል ፈልጎ ነበር። ቃሉ ለዚህ ነገር ጠበበበት። ለድልድይ አንድ ጊዜ የነገረው ውሸት ያላየው ቤት ገብቶ፣ የማያውቃት ልጅ ሆድ ላይ ጠባሳ ጥሎ ኖሯል። እሱ ለካ ሲደነግጥ የኖረው በትንሹ ድምፅ ነው።

«ዛሬስ ያምሃል?» አለ ወጌሻው። «ጉልበትህ?»

ድልድይ እንደማያውቀው ሰው ገላ ጉልበቱን አየው። «ይመስለኛል» አለ።

ለመጽሔቱ የጻፈው ገጽ አጭር ነበር። በቁጥር ጠንካራው ስብስብ ከዋንጫው በፊት የነበረው፣ አራተኛ የወጣው ነው። የዋንጫው ዓመት ስብስብ በመጨረሻው ጨዋታ ሙሉ ሰው የነበረው ሰባት ብቻ ነው፤ በደብተሩ ላይ ያለውን ሃያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው። በማግስቱ ዓመት ለመውረድ አንድ ጎል የቀረው ቡድን አቅሙ ያኔ የተበላ ነው። ስሙን ጽፎ ፈረመ።

ጸሐፊው በስልክ ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልቀለጠፈም። «ጋሼ፣ እኛ እኮ በዓል ነው የምናከብረው። ሰዎቹ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ይመጣሉ። ይህንን እንዴት አድርገን እናትመዋለን?»

«እንዳለ።»

አልታተመም። መጽሔቱ ሲወጣ በዚያ ገጽ ላይ የዋንጫው ዓመት ስብስብ ፎቶ ተንሰራፍቶ፣ ከሥሩ «የዘመናት ሁሉ ብርቱ ቡድን» ተብሎበታል። ድልድይ ፎቶው ውስጥ የለም፤ ሲነሱ እሱ ሆስፒታል ነበር። ወጌሻው የራሱን ፊት ግን አገኘው፤ ዳር ላይ ቦርሳውን ይዞ ይስቃል። ያ ሳቅ ለብዙ ቀን አስፈራው። ማንም ሲስቅ የሚያስታውሰው ሰው የለም፣ እሱም ራሱን አያስታውስም፣ ሰውየው ግን ከወረቀቱ ውስጥ ሆኖ እያየው ይስቃል።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ወደ ቁልፍ ሱቁ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ድልድይ ጉልበቱን አላስነካውም ነበር። ወሬ ብቻ ያወራሉ፣ ወጌሻውም ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት ድልድይ ራሱ የሱሪውን እግር ጠቀለለ። ጉልበቱ ከዳነ በኋላም ጠማማ ነው፤ ጣት የሚያቃናው አይደለም። ወጌሻው ቅባት አድርጎ ዙሪያውን ያሻዋል፣ በየመሀሉም «እዚህ ጋስ?» ይላል። ድልድይ ያስባል፣ ከዚያ ያመኛል ወይም አያመኝም ይላል። ወጌሻው የተባለውን ይቀበላል፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ልጅቷ አድጋ ከሥራ ስትመለስ አንዳንዴ በዚያ በኩል ታልፋለች። ሰላምታ ትሰጠዋለች፣ እጇን ግን አትዘረጋለትም። እሱም አይዘረጋም።

የበዓሉ ዕለት የስታዲየሙ ጩኸት እስከ አውቶቡስ ተራው ይሰማ ነበር። ሁለቱም አልሄዱም። ድልድይ አንድ የዛገ ቁልፍ ማሽኑ ላይ እያስገባ፣ «ግን ዶክተር፣ አራተኛ የወጣነው ዓመት ላይ ለበረኛችን ስንት ሰጠኸው?» አለ።

«ዘጠኝ። ዓመቱን ሙሉ ዘጠኝ።»

«ለዚያ ዘጠኝ? ያ ሰው እኮ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ነው የሚጨፍነው!»

«ስለ ገላው ነው ያወራሁት፣ ስለ ዓይኑ ሌላ ደብተር ያስፈልጋል» አለ ወጌሻው፣ ድልድይም ማሽኑን አስነሳ።